የሚናገር ዕቃ፣ የማይናገር ዕቃ

ስለ ቀሪቦ የሚጠየቀው ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፦ ያሰክራል ወይስ አያሰክርም? ሰቃም ላይ፣ ሸቤም ላይ፣ ጅማ ከተማም ከጁምዓ በኋላ መስጊድ ደጃፍ ቆመን ስንጨዋወት የሚነሣው ይኸው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እመለስበታለሁ። ከሱ በፊት ግን መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር አለ ብዬ ከልቤ አምናለሁ። እሱም ስለ መጠጡ ሳይሆን መጠጡ ስለሚያድርበት ዕቃ ነው። ውስጡ የሆነውን የሚናገር ዕቃ አለ፤ እስኪፈነዳ ድረስ ዝም የሚል ዕቃም አለ። አንድ አማኝ ዝም የሚለውን ዕቃ በገዛ እጁ መርጦ ሲያበቃ፣ ለደረሰው ጉዳት “አላህ ያመጣው ነው” ማለት ይችላል?

ቀሪቦን ለማያውቅ አንባቢ፦ የገብስ መጠጥ ነው። ገብሱ ተለቅሞ ይቆላል፤ መልኩ ቡና ከሚደርስበት አልፎ ወደ ጥቁርነት ሲጠጋ ከምጣዱ ይወርዳል። በፈላ ውሃ ይቀቀላል፣ ይቀዘቅዛል፣ በሻሽ ይጠለላል። ከዚያ ስኳርና ትንሽ የዳቦ እርሾ ገብቶበት ሌሊቱን ተከድኖ ያድራል። ጠዋት ሲከፈት ቡናማ አረፋ ደፍቶ ይገኛል። ይቀመሳል፤ ጣፋጭነቱ ጎደል ያለ ከመሰለ ስኳር ይታከልበትና ለእንግዳ ይቀርባል። ብቅል የለበትም፣ ጌሾ የለበትም። ጠላና ጠጅ የማይጠጣ ቤተሰብ ለኒካሕ፣ ለመውሊድ፣ ለኢድና ለአረፋ ከብርዝ ጎን የሚያቀርበው እሱን ነው። በጅማና በአካባቢዋ ቀሪቦ ሸጠው ልጅ የሚያሳድጉ ሴቶች ብዙ ናቸው።

እኔ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። አባቴ ቡና ተከትለው ከወሎ የመጡ ሰው ነበሩ፤ ቀን ቡና ሲያስለቅሙና ሲያሰጡ ይውሉና ከመግሪብ በኋላ በረንዳችን ላይ ፊቅህና ሐዲስ ያስቀሩ ነበር። እኔም ቀን የቀለም ትምህርት፣ ማታ ኪታብ እያልኩ አደግሁ። እዚህ የምጽፈው ከሁለቱም የቀሰምኩትን ነው።

የፍንዳታው ነገር ሁሉ ያለው በሁለተኛው ስኳር ላይ ነው። እርሾ ሕይወት ያለው ፍጥረት ነው፤ በሻሽ ቢጠለል አይቀርም። ጠዋት ቀሪቦው ረግቶ ከሥር የሚታየው ግራጫ ዝቃጭ ራሱ እርሾ ነው፣ ያውም በሕይወት ያለ። አንድ ሌሊት የተሰጠውን ስኳር ለመጨረስ አይበቃውም፤ እኛ ግን ጨርሷል ብለን ለጣዕም ሌላ እንጨምራለን። ለእኛ ጣዕም የሆነው ለሱ ቁርስ ነው። ፈረንሳዊው ጌ-ሉሳክ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1815 እንደቀመረው፣ ስኳር ሲብላላ ክብደቱ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሽ ገደማው አልኮል፣ ግማሽ ገደማው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል።

እስቲ በእኛ ቤቶች ልክ እናስላው። ሃያ ሊትር ቀሪቦ አለ እንበል። ጠዋት ግማሽ ኪሎ ስኳር ተጨመረበትና በጠርሙስ ተሞልቶ ታሸገ። ለእያንዳንዱ ሊትር 25 ግራም ስኳር ደረሰው ማለት ነው። ከሱ 12 ግራም ያህል ጋዝ ይወጣል፤ ሜዳ ላይ ቢለቀቅ ከ6 ሊትር በላይ ቦታ ይይዛል። ያን ሁሉ አንድ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ ነው የምንቆልፈው። የሻምፓኝ ጠማቂዎች አረፋውን ለማምጣት ሲሉ ጠርሙስ ውስጥ የሚጨምሩት ስኳር ለሊትር 24 ግራም ገደማ ነው፤ ውስጡ የሚፈጠረው ግፊት 6 አትሞስፌር ይደርሳል። የነሱ ጠርሙስ ታዲያ ባዶውን ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው፣ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ወፍራም መስታወት ነው። የኛው ትናንት ቢራ ወይም ለስላሳ የነበረበት፣ ስንት ጊዜ እንደታጠበ የማይታወቅ፣ አፉ የተሸረፈ ነው። እነሱም ቢሆኑ ይህን የተማሩት በደም ነው። የሻምፓኝ ጓዳ ሠራተኞች ድሮ የብረት ጭምብል አጥልቀው ነበር የሚገቡት፤ አንዱ ጠርሙስ ሲፈነዳ ጎረቤቱን ይዞ ይሄድ ነበርና። በ1836 ዣን-ባፕቲስት ፍራንሷ የተባለ የሻሎን ከተማ መድኃኒት ቀማሚ የስኳሩን መጠን ከመታሸጉ በፊት የመለካት ዘዴ ካወጣ በኋላ ነው ስብራቱ እየቀነሰ የመጣው።

ባለቤቴ ቀሪቦ የምትሞላው በሃይላንድ ነው፤ የታሸገ ውሃ የሚመጣበትን ፕላስቲክ ሁሉ ሰው እንዲህ ነው የሚለው። ከአፉ አራት ጣት ያህል ጎደሎ ትተዋለች። ክዳኑን ከማጥበቋ በፊት ሆዱን ጨመቅ ታደርገውና አየሩን ታስወጣለች፤ ጠርሙሱ ወገቡ ተሰርጉዶ ይቀመጣል። ሰዓታት ሲያልፉ ስርጉዱ ማንም ሳይነካው ይመለሳል። ምሳ ስታቀርብ በአውራ ጣቷ ትጫነዋለች፤ ጣቷ ገባ ካለ ትተወዋለች፤ አልበገር ካላት ክዳኑን ሩብ ዙር ታላላለትና ይተነፍሳል። ከዚያ ወዲያ ወይ ይጠጣል፣ ወይ ፍሪጅ ይገባል፣ ወይ ይደፋል። የተረሳ ጠርሙስ ሆዱ ይነፋል፣ ሥሩ ወደ ውጭ ይገለበጥና መቆም ያቅተዋል፤ ጠረጴዛ ላይ ብታቆመው ይወድቃል። ይህ ሁሉ ንግግር ነው። መስታወት ከዚህ አንዱንም አያደርግም። ከውጭ ሲታይ የትናንቱም የዛሬውም ያው ነው፤ እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት ድረስ ያው ነው።

ባለፈው የአረፋ ሰሞን ከዘመዶቻችን ባንዱ ቤት ቀሪቦ በጠርሙስ ተሞልቶ ግድግዳ ሥር ተደርድሮ ነበር። ቀትር ላይ ፀሐይ በመስኮት ገብታ አገኘችው። አንዱ ፈነዳ፤ ወዲያው ጎኑ ያለውም ተከተለው። ስኒ ልታነሣ ጎንበስ ያለች አንዲት ትንሽ ልጅ ቅንድቧ ላይ ተቆረጠች፤ ቁስሉ ከዓይኗ የጣት ስፋት እንኳ አይርቅም። ጤና ጣቢያ ተወስዳ ተሰፋች፤ ተመልሳም እናቷ ጭን ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ቤቱ ሲረጋጋ አክስቴ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉና ወደ እኔ ዞሩ።

“ቀደር ነው ልጄ። አላህ ዓይኗን አተረፈላት፤ አልሐምዱሊላህ።”

“አልሐምዱሊላህ። ግን አክስቴ፣ እርስዎ ራስዎ በጠርሙስ አይሙሉት ብለው አልነበር?”

“ብዬ ነበር። ሙሲባ በወረደበት ቤት ግን ጥፋተኛ አይፈለግም፤ አንተም አሁን ተወው።”

እውነታቸውን ነው፤ በዚያች ሰዓት ማንንም ማስጨነቅ አደብ አይደለም። ተውኩት። ነገሩ ግን አልተወኝም። በቀደር ማመን ከስድስቱ የኢማን መሠረቶች አንዱ ነው፤ ያለሱ አማኝ የለም። ልጅቷ ዓይኗ መትረፉም፣ መቆረጧም በአላህ ዕውቀትና ውሳኔ መሆኑን አልጠራጠርም። የምጠራጠረው ያን እምነት ይዘን የምንሄድበትን ቦታ ነው። ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ በተባለ ቦታ ላይ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ጉዞውን አጠፉ። የጦር አዛዣቸው አቡ ዑበይዳ ከአላህ ቀደር መሸሽ እንዳይሆን ሲጠይቋቸው፣ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር ነው የምንሸሸው የሚል መንፈስ ያለው መልስ ሰጧቸው፤ ተመለሱም። ለዑመር ጥንቃቄው ራሱ ከቀደር ውጭ አልነበረም። ያ ከሆነ ደግሞ ጥንቃቄውን የተወ ሰው፣ መተዉን ማንም እንዳይጠይቀው ቀደርን ሊጋርድበት አይችልም።

ቁርኣን ራሱ በሱረቱ ኒሳእ ሳያስብ ሰው የገደለን ሰው በነፃ አላሰናበተም። ለሟች ቤተሰብ ካሣ አለ፤ በዚያ ላይ ባሪያ ነፃ ማውጣት፣ ያን ያላገኘ ሁለት ወር በተከታታይ መጾም አለበት። ገዳዩ ሊገድል አልፈለገም። ሞቱ ያለ አላህ ፈቃድ አልሆነም። ጾሙ ግን ይጾማል። ሁለቱ እውነቶች አንዱ ሌላውን ሳይሰርዝ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ እኔ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ አልፈልግም። የፊቅህ ሊቃውንትም ስለ ጉድጓድ ሲነጋገሩ፣ መንገድ ላይ የቆፈረ ሰው አላፊ ቢገባበት ተጠያቂ ነው፤ በገዛ ግቢው ለራሱ የቆፈረው እንደዚያ አይደለም ይላሉ። የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ኦሪትም ጉድጓድ ከፍቶ ያልከደነን ሰው የሰው በሬ ቢወድቅበት ያስከፍለዋል፤ አዲስ ቤት የሠራም ሰው እንዳይወድቅበት ጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል። ጓዳህ ውስጥ ለራስህ ያስቀመጥከው ጠርሙስ በግቢህ የቆፈርከው ጉድጓድ ነው። እንግዳ ፊት፣ ሕፃን በሚሮጥበት ሳሎን ካስቀመጥከው ግን የቆፈርከው መንገድ ላይ ነው።

አባቴ ሰሒሕ ሙስሊም የተባለውን የሐዲስ መድብል ሲያስቀሩ ከሁሉ ይልቅ የሚቆዩበት አንድ ቦታ ነበር፤ የዐብደል ቀይስ ልዑካን ታሪክ። እነዚህ ሰዎች ሃይማኖታቸውን ሊማሩ ከምሥራቅ ዓረቢያ መዲና ድረስ የመጡ ናቸው። ከተነገሯቸው ትእዛዞች ጋር አራት ዕቃዎች ተከለከሉባቸው፤ ቅል፣ የተቀባ አረንጓዴ እንስራ፣ ቅጥራን የተለቀለቀ ዕቃ፣ እና የተቦረቦረ የዘንባባ ግንድ። ቴምርና ውሃ መበጥበጥ አልተከለከለም፤ የተከለከለው ዕቃው ነው። ስለ ግንዱ ምን እንደሚያውቁ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቋቸው። እሳቸውም አሠራሩን ከነመጨረሻው ነገሯቸው፤ ግንዱ ይቦረቦራል፣ ቴምር ይጣልበታል፣ ውሃ ይፈስበታል፣ ፍላቱ ሲረጋ ይጠጣል፣ በመጨረሻም ሰው የአጎቱን ልጅ በሰይፍ ይመታል። ከልዑካኑ መካከል ልክ በዚህ ዓይነት የቆሰለ ሰው ተቀምጦ ነበር። አፍሮ ጠባሳውን ሸሸገ።

ታዲያ በምን እንጠጣ? ሲሉ አፉ በሚታሰር የቆዳ አቁማዳ ተባሉ። እዚህ ላይ ነው እነዚያ የሩቅ ዘመን ሰዎች ቁርጥ የእኛን ሰው የሚመስሉት፤ አገራችን አይጥ ይበዛበታል፣ ቆዳ አይበረክትልንም አሉ። መልሱ ግን አልተለወጠም። አይጥ ቢበላውም እሱኑ ተጠቀሙ ተባሉ፤ ይህም ሦስት ጊዜ ተደገመላቸው።

አባቴ እዚህ ሲደርሱ ኪታቡን ጉልበታቸው ላይ ያሳርፉና አይጥ የማይደፍረውን እንስራ አስጥሎ አይጥ የሚበላውን ቆዳ ማስያዝ ምን ይሉታል? ብለው ይጠይቁን ነበር። እኛ ደረሶች ያሰብነውን ሁሉ ከተናገርን በኋላ ወደ ኢማም ነወዊ ይወስዱናል። በሰባተኛው የሂጅራ መቶ ሶርያ ውስጥ የኖሩት ነወዊ በሰሒሕ ሙስሊም ማብራሪያቸው ላይ ምክንያቱን አስቀምጠውታል። በእነዚያ ዕቃዎች የተዘፈዘፈ ነገር ቶሎ ወደ አስካሪነት ይለወጣል፣ ሰውም ሳያውቅ ይጠጣዋል። ቆዳ ግን ስስ ነው፤ ውስጡ ያለው ከበረታ ይሰነጥቀዋልና አይደበቅም።

ኬሚስትሪ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ወደዚህ ማብራሪያ ደጋግሜ ተመልሻለሁ፤ በተመለስኩ ቁጥር ይደንቀኛል። ነወዊ ስለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። የሚያውቁት የቆዳው መሰንጠቅ የመጠጡ መለወጥ ምስክር መሆኑን ነው። ጌ-ሉሳክ በቀመር ያሰፈረውም ይኸንኑ ነው፤ ለእያንዳንዷ የአልኮል ሞለኪውል አንድ የጋዝ ሞለኪውል አብራ ትወለዳለች። ስለዚህ ባለቤቴ በአውራ ጣቷ የምትለካው ግፊት የሚናገረው ጠርሙሱ ሊፈነዳ መቃረቡን ብቻ አይደለም፤ መጠጡ የት እንደደረሰም ይናገራል። ከላይ ያሰላሁት ግማሽ ኪሎ ስኳር ጠርሙስ የሚሰብር ጋዝ አውጥቶ ሲጨርስ፣ ቀሪቦው ሌሊት ባፈራው ላይ ከመቶ አንድ ተኩል ገደማ አልኮል ይጨምርበታል። መስጊድ ደጃፍ የሚነሣው ጥያቄና የዚያች ልጅ ቅንድብ ጥያቄ አንድ ናቸው። የሁለቱም ምስክር ያ ግፊት ነው፤ መስታወት ደግሞ ምስክሩን አፍኖ ይይዛል።

ክፍት ባልዲም ቢሆን ሙሉውን አይናገርም፤ ጋዙ ይበናል፣ አልኮሉ ይቀራል። ለዚህ ነው ሰዓት መቁጠር የግድ የሚሆነው። እማችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቴምር የሚዘፈዝፉት ላዩ በሚታሰር፣ ከታች መቅጃ ባለው የቆዳ አቁማዳ ነበር፤ ጠዋት የተዘፈዘፈውን ማታ፣ ማታ የተዘፈዘፈውን ጠዋት ይጠጡት ነበር። በሌላ ዘገባም ዘቢብ ተዘፍዝፎላቸው ቢበዛ እስከ ሦስተኛው ቀን ምሽት ይጠጡታል፤ ከዚያ የተረፈውን ለሌላ ይሰጡታል ወይም ያስደፉታል። ያሰክራል ወይ ለሚለው፣ ብዙው የሚያሰክር ነገር ጥቂቱም ሐራም ነው የሚለው የአብዛኛው ዑለማ አቋም ነው። ከቀደሙት የኩፋ ሐነፊዎች ከወይን ውጭ ያለውን ለየት አድርገው ያዩ ነበሩ፤ የኋለኞቹ ግን ፈትዋውን ወደ አብዛኛው አቋም መልሰውታል። አባቴ ሐነፊ ነበሩ፣ እዚህ ላይ ከኋለኞቹ ጋር ነበሩ፤ እኔም እንደዚሁ። አንድ ሌሊት ያደረና በማግስቱ ቀን የሚጠጣ ቀሪቦን እጠጣለሁ። ታሽጎ የሰነበተውን አልጠጣም፣ ለልጆቼም አልሰጥም።

እንዲህ ስል የሚመልሱልኝ ሐዲስ አለ። ሰሓባው ቡረይዳ እንዳስተላለፉት የዕቃዎቹ ክልከላ በኋላ ተነሥቷል፤ አስካሪ እስካልሆነ ድረስ በየትኛውም ዕቃ መጠጣት ተፈቅዷል። ታዲያ ጠርሙስ ምን አደረገ? ይሉኛል። መልሴ ይህ ነው። ዑለማው እንደሚገልጹት ክልከላው የመጣው ሰዉ አስካሪ መጠጥ ከተከለከለ ገና ቅርቡ በነበረበት ጊዜ ነው፤ ዕቃው እንዲያስጠነቅቀው ያስፈልገው ነበር። ክልክልነቱ በልብ ሲጸና ዕቃው ተፈቀደ። የተነሣው በዕቃው ላይ የነበረው ክልከላ ነው፤ የማወቅ ግዴታው ግን ከዕቃው ወርዶ በሰውየው ትከሻ ላይ ዐረፈ። ዝም የሚል ዕቃ የመረጠ ሰው ዕቃው የማይነግረውን ራሱ ይወቅ፤ ስኳሩን ይለካ፣ ሰዓቱን ይቁጠር፣ እርሾው ሥራውን መጨረሱን ያረጋግጥ። ያን ማድረግ የማይችል ሰው ወደ ቆዳው ይመለስ። የዘመናችን ቆዳ ደግሞ በየሱቁ ደጃፍ ወድቆ የሚገኘው ሃይላንድ ነው።

ጎረቤታችን እማማ ለጥምቀትና ለፋሲካ ጠላ ይጠምቃሉ። ጋናቸው በጭቃ ይመረጋል፤ ምርጊቱ ግን ትንፋሽ አይከለክልም። ሲደርስ ለማወቅ ጆሯቸውን የጋኑ ገላ ላይ ለጥፈው ያዳምጣሉ፤ ሲንተከተክ ይሰሙታል። ስለ ጠርሙሱ ስነግራቸው አዲስ የወይን ጠጅ በአሮጌ አቁማዳ ስለማድረግ በወንጌል የተጻፈውን አነሡልኝ። በዚያ ምሳሌ ውስጥ አቁማዳው ሲቀደድ ዕድል ነው የሚል ሰው የለም፤ ያስቀመጠው ሰው ማወቅ እንደነበረበት ታሳቢ ተደርጓል። በእምነት እንለያያለን፤ በዚህ ላይ ግን እኔና እማማ የምንጨቃጨቅበት ነገር አላገኘንም።

ጭቅጭቁ ያለው ሠርግ ደጋሾች ዘንድ ነው። ፕላስቲክ አያምርም፣ እንግዳ በጠርሙስ ሲቀርብለት የተከበረ ይመስለዋል፣ ፎቶ ላይም ያምራል ይሉኛል። የእኛ አይጥ ይህች ናት። ይሉኝታን ቀላል ነገር አድርጌ አላይም፤ ሰቃ ውስጥ ልጅ የዳረ ሰው ምን እንደሚባል ስለሚፈራው ፍርሃት አውቃለሁ። ቢሆንም ዐብደል ቀይሶች ያቀረቡት ምክንያት ከኛው የበለጠ እንጂ ያነሰ አልነበረም፤ ቆዳው በርግጥም ይበላባቸው ነበር። መልሳቸውን ግን አግኝተዋል። የቀሪቦውን አቀራረብ ማሳመር የፈለገ ከሃይላንዱ ወደ ማንቆርቆሪያ፣ ከማንቆርቆሪያው ወደ ብርጭቆ ያንቆርቁረው። ስኳርም ለጣዕም ከጎደለ በሚጠጣበት ሰዓት ይጨመር፤ ከመታሸጉ በፊት አይጨመር። ፍሪጅ እርሾን ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም፤ ከወጣ በኋላ ይነቃል። እርሾው በሕይወት እያለ፣ ስኳሩም ሳያልቅ በመስታወት የታሸገ ቀሪቦ በቤቱ ያለ ሰው ደግሞ ጠርሙሱን አንገቱን ይዞ አያንሣው። ልጆቹን ያርቅ፣ ወፍራም እርጥብ ጆንያ ያልብሰው፣ እዚያው ባለበት እንዲቀዘቅዝ ጊዜ ይስጠው፣ ጠርሙሱ ከጆንያው ሥር እንዳለ ፊቱን አዙሮ ቀስ ብሎ ያስተንፍሰው።

አንድ ጉዳይ አሁንም ያከራክረኛል። ወደ ቦንጋና ወደ ሚዛን የሚያልፍ መኪና ሰቃ ላይ ቆመና አንድ ተሳፋሪ ቀሪቦ ገዛ እንበል። ሻጯ ዛሬ ጠዋት የተሞላ መሆኑን፣ ዛሬውኑ መጠጣት እንዳለበት ነገረችው። እሱ ሻንጣው ውስጥ ከቶ ሚዛን ድረስ ወሰደው፤ ከቀናት በኋላ ፈነዳና ሰው ጎዳ። ዕዳው የማን ነው? ከእኔ ጋር አባቴ ዘንድ የቀራ አንድ ወዳጄ አለ፤ የነገረች ነፃ ናት፣ ያልሰማው ይጠየቅ ይላል፤ ሻጯ ከዚያ በላይ ምን ታድርግ? ይለኛል። በሃይላንድ ሸጣለት ከሆነ እስማማለሁ። ነግራዋለች፤ ጠርሙሱም ሲነፋ ነግሮታል፤ ሁለቱንም ችላ ያለው እሱ ነው። በመስታወት ሸጣለት ከሆነ ግን አልስማማም። መንገሯ ግማሹን ዕዳ ያወርድላታል፤ በዓይኑ አይቶ፣ በጣቱ ዳስሶ ሊያውቅ የሚችልበትን መንገድ የዘጋችበት እሷ ናትና ቀሪው ግማሽ ከእሷ አይወርድም። ወዳጄ ይህን ከየትኛው ኪታብ አመጣኸው? ይለኛል። ከዚያው አባቴ ካስቀሩን፣ አይጥ ከበዛበት አገር ከመጡት ሰዎች ታሪክ ነው እለዋለሁ፤ እሱ ግን ያ ሐዲስ ስለ መጠጥ እንጂ ስለ ካሣ አይደለም ብሎ ይሞግተኛል፤ ክርክሩም ገና አላለቀም።